መለኮታዊው ሕፃን፤ ከዓባይ ዳር እስከ ስምጥ ሸለቆ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሮጌው የምድር ባቡር ሐዲድ አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ፣ የቦታዎቹን ስም በ1960ዎቹ በነበረው አጠራር ቢያነብ፣ ወንጌልን ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው የሚገልጥ ይመስለው ነበር። በመጀመሪያ የሚያገኘው ደብረ ዘይትን ነው፤ ይኸውም ክርስቶስ ስለ ዓለም ፍጻሜ ያስተማረበት ተራራ ስም ነው። ሞጆን አልፎ ጥቂት እንደ ተጓዘ፣ በስተደቡብ በኩል የቆቃ ግድብ ያጠራቀመው ሐይቅ አለ፤ እርሱም ገሊላ ተብሎ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ናዝሬት ይደርሳል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተሰጡት እነዚህ ስሞች የቢሾፍቱንና የአዳማን ነባር ስሞች ሸፍነው ብዙ ዓመት ቆይተዋል። አዳማ በ1992 ዓ.ም. በይፋ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመልሳለች፤ ስሙም በአካባቢው ከሚበቅል የቁልቋል ዓይነት የመጣ ነው ይባላል። በየሰዉ አፍ ግን ሁለቱም ስሞች እስከ ዛሬ ይሰማሉ።

ከእነዚህ የተውሶ ስሞች መካከል ናዝሬት የሚለው ልዩ ጠባይ አለው። የልጅነት ስም ነው፤ የዝምታም ስም ነው። ሕፃኑ አደገ፣ ጸና፣ በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተገኘ፤ ከዚህ በቀር ወንጌላውያን በናዝሬት ስላለፈው ዕድሜ የሚነግሩን እጅግ ጥቂት ነው። ምእመናን ግን በየዘመኑ ይህን ዝምታ ሊታገሡት አልቻሉም። በግእዝ የተጻፈው ተአምረ ኢየሱስ ሕፃኑ ከጭቃ ወፎችን ሠርቶ ሕይወት ዘርቶባቸው እንዳበረራቸው ይተርካል። በቁርኣንም የጭቃዋ ወፍ ተጠቅሳለች፤ መርየም በተሰኘው ምዕራፍ ደግሞ ሕፃኑ ዒሳ ገና በእቅፍ ሳለ አፉን ፈትቶ ስለ እናቱ ሲመልስ ይሰማል። ስለዚህ በአዳማ ገበያ ጎን ለጎን የሚነግዱት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ቃሉ ከዕድሜው የቀደመ ሕፃን ሁለቱም ያውቃሉ።

ሁሉን ቻይ የሆነውን ኃይል ጽኑ ጕልማሳ ወይም ጺማም ሽማግሌ አድርጎ መሣል ለማንም አያስቸግርም። የጥንት ሕዝቦች ይህን ኃይል ራሱን ቀና ማድረግ በማይችል ሕፃን መልክ ማቅረባቸው ግን ምክንያት ይፈልጋል። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች በሙያቸው ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር የሚውሉ በመሆናቸው፣ ምክንያቱን ከብዙ የሥነ ጥበብ ሊቃውንት ይልቅ እነርሱ ሳይቀርባቸው አይቀርም።

በዚህ ረገድ አስቀድማ የምትነሣው ግብፅ ናት። ኦሲሪስ በወንድሙ በሴጥ ከተገደለ በኋላ፣ ሚስቱ ኢሲስ የሙት ልጇን ሆረስን በዓባይ አፍ ባለው የደንገል ረግረግ ውስጥ ደብቃ አሳደገችው ይላል ትረካው። ግብፃውያን ይህን ልጅ ሲቀርጹት ራቁቱን፣ ከተላጨው ራሱ በአንድ ወገን ጉንጉን ጸጉር ወርዶለት፣ ጣቱን ወደ አፉ አስጠግቶ ያሳዩታል። «ሕፃኑ ሆረስ» ማለት የሆነውን የግብፅ ስም ግሪኮች ሐርፖክራጥስ ብለው ጠሩት። የጣቱ ነገር ግን አሳሳታቸው። በግብፅ ጽሕፈት እጁን ወደ አፉ ያቀረበ ልጅ ምስል «ሕፃን» ለሚለው ቃል የቆመ ምልክት ሲሆን፣ ግሪኮችና ሮማውያን «ዝም በሉ» የሚል ትእዛዝ መሰላቸውና ሐርፖክራጥስን የዝምታ አምላክ አደረጉት። ጣቱን የሚጠባ ልጅ የምሥጢር ጠባቂ ሆኖ ቀረ። ሕፃን አሳድገው የማያውቁ ሊቃውንት ከሠሯቸው ስሕተቶች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከሐርፖክራጥስ ምስሎች ሁሉ ለሕክምና የሚቀርበው ግን ሌላ ነው። ይኸውም ሕፃኑ በአዞዎች ጀርባ ላይ ቆሞ፣ በግራና በቀኝ እጁ እባብና ጊንጥ፣ አንበሳና ሳላ ጨብጦ የሚታይበት የድንጋይ ሰሌዳ ነው። ከራሱ በላይ ቤስ የተባለው፣ ፊቱ የሚያስፈራ ነገር ግን ለወላዶችና ለሕፃናት ዘብ የሚቆመው አምላክ ይታያል። የተረፈው ገጽ በጽሑፍ ተሞልቷል፤ ጽሑፉም ድግምት ነው። ውኃ በሰሌዳው ላይ ይፈስሳል፤ ፊደሉን ታጥቦ የወረደው ውኃ ይጠራቀምና በጊንጥ የተነደፈ ወይም በእባብ የተነከሰ ሰው ይጠጣዋል። ከእነዚህ ሰሌዳዎች አንዱ በአክሱም ተገኝቷል። በ18ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሥዕሉን በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አውጥቶታል። ጸበል ለሚያውቅ፣ ክታብ አጥቦ መጠጣትንም ለሰማ ኢትዮጵያዊ የሰሌዳው አሠራር ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚህ ዓይነቱ ሐውልት ትልቁና ዝነኛው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን በዳግማዊ ነክታኔቦ ዘመን የተቀረጸው ነው፤ ዛሬ በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። በላዩ ከተጻፉት ታሪኮች ሁለቱን መጥቀስ ይገባል። በአንደኛው ኢሲስ ምግብ ፍለጋ ውላ ስትመለስ ልጇን በጊንጥ ተነድፎ፣ አካሉ ዝሎ ታገኘዋለች። ጩኸቷ የፀሐይን ታንኳ ከመንገዷ ያቆማል፤ ቶት የተባለው የጥበብ አምላክ ወርዶ መርዙን እስኪያወጣ ድረስ ዓለም ቆሞ ይጠብቃል። በሁለተኛው ኢሲስ በስደት ላይ ሳለች አንዲት ባለጸጋ ሴት በሯን ትዘጋባታለች። ኢሲስን አጅበው ይሄዱ ከነበሩት ጊንጦች አንዱ በዚህ ተቆጥቶ የባለጸጋዋን ልጅ ይነድፈዋል። ኢሲስ ግን እናቲቱ በደል ብትፈጽምም ልጁ ምንም አላጠፋም ብላ እጇን ጭና ታድነዋለች። ሐኪሞች ከመሐላቸው ውስጥ ሊያስገቡት የሚገባ ነገር አንድ የድግምት ድንጋይ ላይ ተጽፎ መገኘቱ ያስደንቃል።

ከዚህ እንደምንረዳው በሰሌዳው ላይ ያለው ሕፃን አውሬን የሚረግጠው ስላልተነካ አይደለም። ተነድፏል፣ ሊሞት ደርሷል፣ ድኗል። በሽተኛው ውኃውን የሚጠጣው ከተነደፈውና ከዳነው ሕፃን ዕድል ለመካፈል ነው።

ይህ የአደጋ ነገር በሌሎች አገሮችም ትረካ ውስጥ አይጠፋም። የቀርጤስ ሰዎች ሕፃኑ ዜውስ በዋሻ ተሸሽጎ በፍየል ወተት ሲያድግ፣ አባቱ ልቅሶውን ሰምቶ እንዳይውጠው ወጣቶች ጋሻና ጦር እያጋጩ ይጮኹ ነበር ይላሉ። ሄራክልስ በአልጋው ላይ ሳለ የተላኩበትን ሁለት እባቦች አንቆ ገደለ። በሕንድ ክሪሽና የተወለደው ንጉሡ ካምሳ ሊገድለው በሚጠብቅበት ሌሊት ነው፤ አባቱ በጨለማ ወንዝ አሻግሮ አሸሸው። ያም አልበቃ ብሎ ፑታና የተባለች ጋኔን ጡቷን መርዝ ቀብታ ልታጠባው መጣች፤ ሕፃኑም ከወተቱ ጋር ነፍሷን ጠብቶ ጨረሳት። በእኛም አገር የንጉሥ ላሊበላ ገድል በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ እንደ ከበበውና እናቱ ይህን አይታ ንግሥናውን እንደ ተናገረች ይተርካል። ንብ ሕፃንን ቢወርር ምን ሊያደርገው እንደሚችል ለሚያውቅ ገበሬ የታሪኩ ጭብጥ ግልጽ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያ ዓመታት የሥነ ልቡና ሊቁ ካርል ዩንግና የአፈ ታሪክ ተመራማሪው ካርል ኬሬኒ በዚሁ ጉዳይ ላይ በጋራ ጽፈዋል። ተጥሎ የሚገኘውና ግን የማይሸነፈው ሕፃን ገና ያልተገለጠውን የሰውን ማንነት ይወክላል የሚለው የዩንግ ትርጓሜ ዛሬም ብዙ ደጋፊ አለው። ትርጓሜው ጥልቀት አይጎድለውም፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በአዋቂው ሰው ሕልም ላይ የቆመ ነው። ልጇ ሌሊት ትኩሳት ይዞት የሚንቀጠቀጥባት እናት ስለ ማንነት አታስብም። ከመስጴጦምያ ቁፋሮ የወጡት፣ ላማሽቱ የተባለችውን ሕፃናት ገዳይ ጋኔን ለማባረር የተሠሩት ክታቦች በየቤቱ የተሰቀሉት ለእንደዚህ ያለችው እናት ነበር።

ላማሽቱ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕልና ክታብ ውስጥ እኅት አላት፤ ስሟ ውርዝልያ ነው። ቅዱስ ሱስንዮስ አራስ ልጁን የገደለችበትን ይህችን ሴት በፈረስ ተከትሎ በጦር ወጋት፤ እርሷም ስሙ በሚነበብበት ቤት ላትገባ ማለች ይባላል። ይህ ታሪክ የተጻፈበት ጥቅል ብራና ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር። ለነፍሰ ጡርና ለአራስ የሚደረገው ክታብ ዓይኖች ተደርድረው፣ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ቆመው ይታዩበታል። እንግዲህ የክታቡን ሥዕል የሠራው ደብተራ ቢያውቀውም ባያውቀውም የአዞው ሰሌዳ ቀራጭ የሙያ ባልደረባ ነው።

የእናትና ልጅ ሥዕል ወደሆነው ዐቢይ ርእስ ሲደረስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሆረስን በጭኗ አስቀምጣ የምታጠባው ኢሲስና ክርስቶስን የታቀፈችው ማርያም በአቀማመጥ ይመሳሰላሉ፤ በተለይ ማርያም ስታጠባ የሚያሳዩት የጥንት የግብፅ ገዳማት የግድግዳ ሥዕሎች የኢሲስን ምስል ያስታውሳሉ። ከዚህ ተነሥተው ሁለተኛው ሥዕል የአንደኛው ቅጅ ነው ብለው የደመደሙ ብዙ ናቸው። ድምዳሜው ችኩል ነው። በወንበር ላይ ተቀምጣ የምታጠባ ሴት ሁሉ እንዲሁ ትቀመጣለች፤ በማንኛውም የእናቶች ክሊኒክ ደጃፍ ማለዳ ላይ ይህን ማየት ይቻላል። ከመልኩ ይልቅ የሚለያየው ትርጉሙ ነው። የኢሲስ ስም ራሱ በዙፋን ምልክት የሚጻፍ ሲሆን፣ በጭኗ ያለው ልጅ የአባቱን መንግሥት የሚወርስ አልጋ ወራሽ ነው፤ እያንዳንዱም ፈርዖን ራሱን በዚያ ልጅ ቦታ ያይ ነበር። በክርስትና እምነት ግን ሕፃኑ ሥጋ የለበሰ አምላክ ነው፤ ለምእመናን ይህ አፈ ታሪክ ሳይሆን የእምነታቸው መሠረት ነው። ሥዕሉ ደካማውን ሥጋ አጉልቶ የሚያሳየውም ስለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ሥዕል የተስፋፋው በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ነው። ንጉሡ የማርያም በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያም በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲነበብ ሲያዝዝ፣ ፍሬ ጽዮንን የመሰሉ ሠዓሊዎች እናትና ልጅን በእንጨት ገበታ ላይ ይሥሉ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከቬኒስ የመጣው ኒኮሎ ብራንካሊዮን ሕፃኑን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ አድርጎ በመሣሉ ታላቅ ቁጣ እንዳስነሣ ይተረካል። የክብር እጅ ቀኝ በሆነበት አገር ፈጣሪን በግራ ማስታቀፍ ድፍረት ነበርና። ለቬኒሱ ሰው የአቀማመጥ ጉዳይ የሆነው ነገር ለአገሩ ሰው የሃይማኖት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ከ16ኛው መቶ ዘመን ማለቂያ ወዲህ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ የሚገኘውን ሥዕል ቅጅዎች ሲያመጡ ግን አገሩ ተቀበለው፤ ሚሲዮናውያኑ ከተባረሩ በኋላም ሥዕሉ ቀረ። እናቲቱ እጆቿን አጣምራ ትይዘዋለች፤ ሕፃኑም በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ይባርካል። ማንበብ በማይደርስበት ዕድሜ መጽሐፍ የያዘው ይህ ልጅ ዛሬ በየቤቱና በየታክሲው ተሰቅሎ ይታያል።

ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር መጀመሪያ በሚቆየው ወርኃ ጽጌ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሕፃኑን ስደት ታስባለች። ከሄሮድስ ሰይፍ የሸሸው ልጅ የሚሸሸገው ሆረስ ተሸሽጎ ባደገበት በዚያው አገር በግብፅ መሆኑ ይገርማል። ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው በዚህ የአበባ ወራት መግቢያ ላይ፣ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ዳር እርጥብ ሣርና አበባ የያዘ ሕዝብ ለዋቃ ምስጋና ለማቅረብ በኢሬቻ ይሰበሰባል። ወሩ አንድ፣ አበባውም አንድ ነው፤ ሁለቱ ሥርዓቶች ግን የየራሳቸው ናቸው። ወደ ስምጥ ሸለቆው ሕዝብ ሲመጣ የቅዱሱ ሕፃን ነገር ሌላ መልክ ይይዛል።

በሸለቆው ውስጥ ሥዕሉ ባዕድ አይደለም። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የሚኖሩት ዘዮች አባቶቻቸው በዮዲት ዘመን ከአክሱም ታቦትና መጻሕፍት ይዘው እንደ መጡ ይተርካሉ፤ በቱሉ ጉዶ የምትገኘው ደብረ ጽዮንም የብራና መጻሕፍቷን ጠብቃ ኖራለች። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ የሚጓዘው ምእመን የሚያልፈው በአዳማ፣ በመተሐራና በአዋሽ ነው። የሐምሌው በዓል የሦስት ዓመቱ ሕፃን የቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ ነው። ከሚፈላው ጋን ፊት እናቱ ስትፈራ ያጽናናት ልጁ ነበር ይላል ገድሉ። ልጅ በስለት ያገኙ ወላጆች ልጃቸውን ታቅፈው ስለታቸውን ለማድረስ በዚያ መንገድ ይወርዳሉ፤ በቁልቢም ያስጠምቁታል።

በገዳ ሥርዓት ግን ቅድስናው ያረፈው በሥዕል ላይ ሳይሆን በሕይወት ባለው ልጅ ላይ ነው። በቱለማም ሆነ በፈንታሌ ተራራ ግርጌ በሚኖሩት ከረዩዎች ዘንድ የገዳ የመጀመሪያው እርከን ደበሌ ይባላል። ይህን እርከን በሰፊው ያጠናው አስመሮም ለገሠ ነው፤ በቦረና ያደረገውን ጥናት በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ አቅርቦታል። ደበሌዎች አባቶቻቸው ሥልጣን በያዙባቸው ስምንት ዓመታት የመጀመሪያውን እርከን የያዙ ወንዶች ልጆች ናቸው። ጸጉራቸው አይቆረጥም፤ ከሩቅ ለሚያያቸው ሴት ልጆች ይመስላሉ። አይመቱም። በሰውና በዋቃ መካከል ያሉ አማላጆች ስለሆኑ ሰው ከሩቅ መጥቶ በረከት ይለምናቸዋል፤ እናቶቻቸውም ከእነርሱ ጋር ይከበራሉ። የሆረስን የጎን ጉንጉን፣ በደጋው አገር ለሕፃን ይተው የነበረውን ቁንጮ፣ የደበሌውንም ረጅም ጸጉር አንድ ላይ ለሚያስብ ሰው፣ የልጅ ራስ በብዙ ሕዝብ ዘንድ ምልክት የሚጻፍበት ገጽ እንደ ነበር ይገለጥለታል።

ልዩነቱ ግን ከተመሳሳይነቱ ይበልጣል። ሆረስን ማምለክ ግብፃዊው ለጎረቤቱ ልጅ የሚያደርገውን ነገር አልወሰነበትም። ደበሌ ግን ትእዛዙ በአዋቂዎች ላይ ነው፤ እጅህን አታንሣበት፣ እናቱን አክብር ይላል። በሐይቆቹ ምሥራቅና ደቡብ በሚኖሩት አርሲዎች ዘንድም ተመሳሳይ ነገር አለ። የወለደች ሴት በግንባሯ ላይ ቀነፋ የተባለ ትንሽ እንጨት አሥራ ለወራት ትቆያለች፤ ቀነፋ ያሠረችን ሴት መምታትና መስደብ ክልክል ነው። ክልከላው ከተጣሰ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጥፋተኛው ካሳ ሳይከፍል፣ ይቅርታ ሳይጠይቅም አይመለሱም። አራስን ከድብደባና ከከባድ ሥራ የሚጠብቅ እንዲህ ያለ ሕግ ዛሬ የእናቶች ጤና ሠራተኞች በሥልጠና ወረቀት ላይ ሊያሰፍሩት የሚደክሙበት ነው።

እርግጥ ነው፣ የዚህ ሥርዓት ሌላ ገጹም መነገር አለበት። በቦረና የገዳ ስሌት አንድ ሰው ልጅ ማሳደግ የሚፈቀድለት የተወሰነ እርከን ላይ ሲደርስ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት የተወለዱ ሕፃናት ለሌላ ወገን ይሰጡ፣ ባለፉት ዘመናትም ይጣሉ እንደ ነበር በጥናቱ ተመዝግቧል። አንዱን ልጅ የዋቃ አማላጅ ያደረገው የዘመን ቆጠራ ሌላውን ከቤት ውጭ አስቀርቷል ማለት ነው። ይህን በመሸፋፈን ገዳን የሚያወድሱ ጽሑፎች፣ በተለይ ሥርዓቱ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ፣ በዝተዋል፤ ለሥርዓቱ ግን ውለታ አይውሉለትም። ደግነቱ ያው ኅብረተሰብ የሌላውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ የሚያሳድግበትን ጉዲፈቻን ያጸና ነው። ቃሉም ወደ አማርኛና ወደ አገሪቱ የቤተሰብ ሕግ ገብቶ የሁሉም ሆኗል።

የደበሌ ቅድስና እንደ ሥዕሉ ሕፃን ዘለዓለማዊ አይደለም። ስምንቱ ዓመት ሲሞላ ልጆቹ በሥርዓት ይላጫሉ፤ ወደ ገሜ እርከንም ይሻገራሉ። አማርኛ ተናጋሪውም ጋሜ የሚለውን ቃል ለልጆች የጸጉር አቆራረጥ ያውቀዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በረከት ለመቀበል ወደ ልጁ የሚመጣ እንግዳ የለም፤ ጥጃ እንዲጠብቅ ይላካል፤ ካጠፋም ይቆጡታል። በዚያው ሰሞን ሥልጣን የሚረከበው ክፍል ልጆች በተራቸው ጸጉራቸውን ማሳደግ ይጀምራሉ።